ደሞዝ ትቶ ለራስ መሥራት፦ ሥራው ቤታችሁን እንዳይውጠው ደረጃ በደረጃ

ከኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ የሠርግ ካርድ፣ ባነርና የድርጅት ሪፖርት ዲዛይን ስሠራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ደሞዛቸውን ለቀው የወጡ ሰዎች ይደውሉልኛል። ወሬው "ሥራ እንዴት ነው የምታገኚው?" ብሎ ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ ዋናው ይመጣል፦ ሥራ አለ፣ ገንዘቡ ግን የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ እናት ተቀይመዋል፤ ልጅ "እማዬ፣ ስልኩን አስቀምጪው" ማለት ጀምሯል።

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ስንፍና አይደለም። ቢሮ ሳላችሁ የምትጠሏቸው ነገሮች፣ የመግቢያና የመውጫ ፊርማው፣ የፈቃድ ፎርሙ፣ ደሞዝ እስኪወጣ መጠበቁ፣ አጥር ሆነው ይጠብቋችሁ ነበር። ስትለቁ አጥሩም እዚያው ይቀራል። እኔ ያዋጣኝ መንገድ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በራሴ ላይ ማስከበር ነው። አዋጁ ለራሱ የሚሠራን ሰው አይመለከትም፣ መጥቶ የሚቆጣጠራችሁም የለም። ነገር ግን ሌላ አሠሪ ቢያደርግባችሁ የምትከሱበትን ነገር ራሳችሁ ላይ እንዳትፈጽሙ ልኩን አስቀምጦላችኋል።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ 3ኛውን ሳትጨርሱ ወደ 5ኛው አትዝለሉ፤ ገንዘቡን ያልለየ ሰው ሰዓት ማክበር አይችልም። ባዶ ኪስ የመጣውን ሁሉ "እሺ" ያሰኛል።

ቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- አንድ የገንዘብ ደብተርና አንድ የሥራ ደብተር። ኮምፒውተር ላይ መያዝ ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ደብተር ይሻላል።
- ለሥራ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ የባንክ ሂሳብ። ቴሌብር የምትቀበሉ ከሆነ እሱም ለብቻው ይሁን።
- ሁለተኛ ሲም ካርድና ርካሽ ስልክ።
- ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ።

ደረጃ 1፦ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ 3 ወር በፊት

1. የቤታችሁን ወጪ ለ3 ወር ጻፉ። ግምት አይሠራም። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትምህርት ቤት፣ ታክሲ፣ የዕድር መዋጮ፣ ለእናት የሚላክ፣ ሁሉም ይግባ። ሰው ሁሌ የሚረሳው የለቅሶና የሠርግ ወጪን ነው።

2. የ6 ወር ወጪ አስቀምጡ። ካልቻላችሁ 4። ከዚያ በታች ይዛችሁ አትውጡ። የመጀመሪያው ክፍያ ካሰባችሁት 2 ወር ዘግይቶ ይመጣል፤ ደንበኛ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን የድርጅት ክፍያ ፊርማ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስለሚዞር ነው።

3. የጡረታ ዘመናችሁን ቁጠሩ። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። 9 ዓመት ከምናምን ላይ ከሆናችሁ አትቸኩሉ፤ ሞልታችሁ ውጡ።

4. የዓመት ፈቃድ ቀሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ያልወሰዳችሁት ፈቃድ ስትለቁ በገንዘብ ይታሰባል።

5. የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ቀን ያለበት፣ የተቀበለው ሰው የፈረመበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ሳትይዙ ግቢውን አትልቀቁ፤ "በኋላ እመጣለሁ" ያላችሁት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ያመላልሳችኋል።

ተጠንቀቁ፦ ተጣልታችሁ አትውጡ። የእኔ የመጀመሪያ ሁለት ደንበኞች ከድሮ ቢሮዬ የመጡ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ፈቃድና ግብር

በአጭሩ፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ የምታወጡት የምትሠሩት ሥራ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። ፈቃዱ በእጃችሁ እስካለ ድረስ ሥራ ባይኖርም ማሳወቅ ግዴታ ነው። "ለማንኛውም ይኑረኝ" ብላችሁ አውጥታችሁ መሳቢያ ውስጥ አትርሱት፤ ቅጣት ይወልዳል። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ማሳወቂያውንም የፈቃድ እድሳቱንም እንደ ሐምሌ ሥራ ያዙት። ድርጅት ሲከፍላችሁ ዊዝሆልዲንግ የሚሉትን ቅድመ ግብር ቆርጦ ደረሰኝ ይሰጣል። ያን ደረሰኝ በዚያው ቀን ተቀበሉና አንድ ፋይል ውስጥ አኑሩ። የጠፋ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንደተከፈለ ግብር ነው።

ደረጃ 3፦ ለራሳችሁ ደሞዝ ቁረጡ

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የቀን ዋጋችሁን አስሉ። የእኔን ዓይነት ቤት እንውሰድ፣ በወር 24,000 ብር የሚበቃው።

1. ቀኖቹን ቁጠሩ። ከ365 ቀን ላይ 52 እሑድ፣ ግማሽ ቀን የሚሠራባቸው 52 ቅዳሜዎች እንደ 26 ቀን፣ 12 ገደማ የበዓል ቀን፣ አዋጁ ለመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የሚሰጠውን 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለሕመምና ለሐዘን 9 ቀን ቀንሱ። 250 ይቀራል።

2. ከ250ው ክፍያ የሚያስገኘውን ለዩ። ደንበኛ ፍለጋ፣ ዋጋ ማቅረብ፣ ክፍያ መከታተል፣ ባንክ ቤት፣ ኮምፒውተር ማስጠገን፣ እነዚህን ማንም አይከፍላችሁም። በእኔ ደብተር ከ5 ቀን የሚከፈለው 3 ነው። 150 ቀን በሉት።

3. የዓመቱን ፍላጎት ደምሩ። ቤት 288,000። ጡረታ፦ ተቀጣሪ ሳላችሁ እናንተ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣ ነበር። አሁን 18ቱም የእናንተ ስለሆነ በወር 4,320፣ በዓመት 51,840። ኢንተርኔት፣ መብራት፣ ትራንስፖርት፣ ጥገና በወር 5,000፣ በዓመት 60,000። ድምሩ 399,840 ብር።

4. ለ150 አካፍሉ። 2,666 ብር ገደማ በቀን፣ ግብር ሳይታሰብ።

አሁን ይህን ከድሮ ደሞዛችሁ ጋር አስተያዩት። 24,000ን ለ26 ቀን ብታካፍሉ 923 ብር ነው። "በቢሮ 900 ብር አገኝ ነበር፣ በ1,200 ልሥራው" የሚል ሰው እየከሰረ ያለው ለዚህ ነው። የከሰረውን ለመሙላት ደግሞ የሚሸጠው ሌሊቱን ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡን ለዩ።

1. የሚገባው ሁሉ በሥራ ሂሳብ ይግባ። ጥሬ ገንዘብም ቢሆን ወስዳችሁ አስገቡት።
2. በገባበት ቀን ለግብር የሚሆነውን ነጥላችሁ አንቀሳቅሱ።
3. በወሩ 30 ለራሳችሁ ደሞዝ ወደ ቤት ሂሳብ አዙሩ። 24,000 ካላችሁ 24,000፤ ወሩ ያማረ ነው ብላችሁ 40,000 አታድርጉት። የተረፈው ለደረቁ ወር ነው።
4. ከሥራ ሂሳብ ሽንኩርት አትግዙ። አንድ ጊዜ ከገዛችሁ ወር ሳይሞላ ሁለቱ ሂሳብ አንድ ይሆናል።

ደሞዙ ቢጎድል፦ ያላችሁን ውሰዱ፣ የጎደለውን "ራሴ ያለብኝ ዕዳ" ብላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ከመጠባበቂያው የምትሞሉት ከሆነ ቀኑንና መጠኑን አስፍሩ። በኋላ ደረጃ 9 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ስለ ዕቁብ። ዕቁብ እወዳለሁ፣ ያለ ዕቁብ ይህን ኮምፒውተር አልገዛም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ግን በሳምንት 2,000 ብር የሚጣልበት ገብቼ ሥራ በሌለባቸው ሳምንታት እየተበደርኩ ስጥል፣ እሑድ መጣ ሲባል ሆዴ ይረበሽ ነበር። ገቢው የሚዋዥቅ ሰው የወር ዕቁብ ይግባ፣ መጠኑም በመጥፎ ወር የሚችለው ይሁን። ዕጣ ሲደርሳችሁ ዋስ እንደምትጠሩ አትርሱ፤ ካልጣላችሁ የምትቀያየሙት ከዳኛው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዋሳችሁም ጋር ነው።

ደረጃ 4፦ ቦታ

ክፍል ከሌላችሁ ማዕዘን ይበቃል። ፊታችሁ ወደ ግድግዳ፣ ጀርባችሁ ወደ ቤቱ ይሁን። አልጋ ላይ አትሥሩ፤ ወገቡ ይቅርና አልጋው ራሱ ቢሮ ይሆንና እንቅልፍ እምቢ ይላል። ጠረጴዛው የምግብም ከሆነ የሥራ ዕቃው ሁሉ በአንድ ካርቶን ይግባና ማታ ከዓይን ይሰወር። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ተኩል በካርቶን ነው የሠራሁት።

ደረጃ 5፦ ሰዓት፣ ከሁሉ በላይ መዝጊያው

አዋጁ መደበኛ ሥራን በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍትም ያዛል። ይህ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በታች ብትሠሩ ማንም አይቀጣችሁም።

መክፈቻው ቀላል ነው። እኔ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ 2፡30 ላይ እቀመጣለሁ። (ልብስ መቀየሩን አትናቁት። በቢጃማ የተቀመጥኩ ቀን 5 ሰዓት ላይ አሁንም ስልክ እያገላበጥኩ ነው።) የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ተኩል ከባዱን ሥራ ሥሩ፤ ቴሌግራም ከ4 ሰዓት በፊት አይከፈት።

አስቸጋሪው መዝጋት ነው። ቢሮ ሳላችሁ ሰርቪሱ ይሄዳል፣ ጥበቃው መብራት ያጠፋል። እዚህ የሚያጠፋላችሁ የለም። ስለዚህ ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ለእኔ 11 ሰዓት ላይ፣ ይህን በተርታ አድርጉ፦

1. አዲስ ነገር አትክፈቱ። በእጅ ያለውን ወደሚቆምበት ቦታ አድርሱት።
2. የት እንዳቆማችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። "የሪፖርቱ ገጽ 14፣ ግራፉ ቀለም ይቀረዋል።" ይህን ካልጻፋችሁ ጭንቅላታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ይዞት ያድራል።
3. የነገን የመጀመሪያ ሥራ ጻፉ። አንድ ብቻ።
4. ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጡ።
5. መልስ ለሚጠብቁ ደንበኞች አንድ አንድ መልእክት ላኩ፦ "ነገ ከ4 ሰዓት በኋላ እልክልዎታለሁ።"
6. የሥራ ስልኩን አጥፍታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስገቡ። ድምፁን መቀነስ ብቻ አይበቃም።
7. ከቤት ውጡ። እኔ እስከ ዳቦ ቤቱ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ዳቦ ባያስፈልገንም። ከሥራ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ቢጠፋም ሰውነት መንገዱን ይፈልጋል። በር ከፍቼ ስመለስ ልጄ "መጣሽ?" ይለኛል፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ቤት ውስጥ እንደነበርኩ እያወቀ።

መዝጊያው ለምን እንደሚያስፈልግ የተማርኩት በ300 የሠርግ ካርድ ነው። ሚያዝያ ውስጥ ነበር፣ ሥራ የተደራረበበት ሰሞን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ፋይል ለማተሚያ ቤት ላክሁ። ካርዱ "እሑድ ሚያዝያ 25" ይላል። እሑድ 26 ነበር። እኔ አላየሁም፣ አታሚው አላየም፣ የሙሽራዋ እናት ግን ፖስታውን ከፍተው አፍታ ሳይቆዩ "ልጄ፣ ይቺ ቀን ቅዳሜ ናት" አሉኝ። አንዱ ካርድ 38 ብር፣ 11,400 ብር ከኪሴ። ያን ሌሊት ተኝቼ ጠዋት አይቼው ቢሆን ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የሚዘገየው።

ጥብቅ ደንብ፦ የመጨረሻ ፋይል፣ ውልና የገንዘብ ቁጥር ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይላክም። ጠዋት በንጹህ ዓይን ታይቶ ይላካል።

መብራት ቢጠፋስ? ቀኑን ጠፍቶ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሲመጣ ሁላችንም እስከ ሌሊት እንቀመጣለን። ለዚህም ልክ አለው፦ አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። የባከነውን ሰዓት ከዚህ ውስጥ ሙሉ። ካልበቃ ቅዳሜ ከሰዓት ይግባ። አሁንም ካልበቃ ለደንበኛው የማስረከቢያ ቀን ለውጡ። መብራት በሌለበት ሰዓት ደግሞ ያለ መብራት የሚሠራውን ሥሩ፦ ክፍያ ለመጠየቅ ደውሉ፣ ደረሰኝ አስተካክሉ፣ ዋጋ በወረቀት አስሉ።

ደረጃ 6፦ "ቤት ነሽ አይደል?"

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ሴት ከሆነች ደግሞ በተለይ፣ ለሰፈሩ ሥራ ፈት ናት። ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ በር ክፈቺልን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ተቀበዪልን፣ ልጁ ቀድሞ ከመጣ አንቺ ጋ ይቆይ። አንድ ሳምንት ሙሉ ደብተር ላይ መዘገብኩ፤ 11 ጥያቄ፣ ሁሉም "ቤት ነሽ አይደል?" ብሎ የሚጀምር። አንዳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም። የሥራ ሰዓቴን የነገርኳቸው ሰው እንደሌለ ግን ያኔ ነው የገባኝ።

1. አስቀድማችሁ ንገሩ። ሲጠይቋችሁ መከላከል አይሠራም። እኔ ቡና አፍልቼ ጎረቤቶቼን ጠርቼ "ከ2፡30 እስከ 11፡30 ሥራ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ የእናንተው ነኝ" አልኳቸው። እትዬ አንዷ "ታዲያ ደሞዝ ማነው የሚከፍልሽ?" አሉ። "እኔው" ስላቸው ሳቁ፣ ግን ያዙት።

2. ለእናትና ለአባት ለብቻ ንገሩ፣ ምክንያቱንም አስረዱ። በደፈናው "ሥራ አለኝ" ማለት ያስቀይማል። "እማዬ፣ ረቡዕ ከሰዓት የአንቺ ነው፣ ምንም አልይዝበትም" ማለት ግን ያስደስታል። ቀኑን ከሰጣችሁ ጠብቁት፤ ለደንበኛ ብላችሁ አንድ ጊዜ ከሰረዛችሁት ያው እንደ ድሮው ይሆናል።

3. ከትዳር ጓደኛ ጋር የቤት ሥራውን እንደገና ተከፋፈሉ። ይህ ካልተነገረ "ቤት ስለዋልሽ" ብቻ ምሳው፣ ልብሱ፣ የልጅ ማምጣቱ ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ሰው ይንሸራተታል። በወረቀት ላይ ይጻፍ። ያሳፍራል? ሁለት ቀን ያሳፍራል።

4. ለቅሶና ዕድር። ይህን እምቢ አትበሉ፤ ወደ ሂሳቡ አስገቡት። አዋጁ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ እናንተም ሳትሳቀቁ ውሰዱ፣ ለደንበኛ "ሐዘን ላይ ነኝ" በሉ። የማይረዳ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ለሰፈር ለቅሶ ደግሞ ቀብሩ ላይ ተገኙ፤ መቀመጡን ከ11፡30 በኋላ አድርጉት። ቀብር ቀርታችሁ ማታ ብትቀመጡ ሰው ይታዘባችኋል፤ ቀብር ተገኝታችሁ ቀን ባትቀመጡ ይረዳችኋል።

ድንገት ቢገቡባችሁ፦ በሩ ላይ ቆማችሁ አትነጋገሩ፣ ግቡ ብላችሁም አታስቀምጡ። "ቡናውን 11፡30 ላይ አፈላለሁ፣ ያኔ ይምጡ" በሉና በእውነትም አፍሉ።

ደረጃ 7፦ ከደንበኛ ጋር

ከሥራው በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይኑር፤ በቴሌግራም መልእክት ቢሆንም ይበቃል፦ ምን ይሠራል፣ ስንት ብር፣ መቼ ይረከባል፣ ስንት ጊዜ ይታረማል። እኔ ሁለት እርማት እሰጣለሁ፤ ሦስተኛው ይከፈልበታል። ይህ ከመባሉ በፊት አንዷን ባነር 9 ጊዜ አርሜያለሁ፣ በመጨረሻ ደንበኛው የመረጠው የመጀመሪያውን ነው።

ቀብድ ግማሽ ተቀበሉ። ቀብድ ያልከፈለ ሰው ሥራው አልተጀመረም፤ ወዳጅም ቢሆን። "ለወዳጅ ቀብድ ይጠየቃል እንዴ?" ካላችሁ፣ እኔ እስካሁን ካልተከፈለኝ ገንዘብ አብዛኛው ወዳጆቼ ላይ ነው ያለው።

"ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ" የሚል ሲመጣ አትቆጡ፣ ዋጋ ንገሩት። አዋጁ ለትርፍ ሰዓት የሚያስከፍለውን ልክ ዝም ብላችሁ ገልብጡ፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። "ይህ ሥራ እሑድ መሠራት ካለበት 8,000ው 16,000 ይሆናል፤ ማክሰኞ ከሆነ 8,000 ነው።" እንዲህ ሲባል ከአስሩ ሰባቱ ማክሰኞን ይመርጣሉ። የቀሩት ሦስቱ ይከፍላሉ፣ እኔም ሳላጉረመርም እሠራለሁ።

ተጠንቀቁ፦ ከገቢያችሁ ከግማሽ በላይ ከአንድ ደንበኛ የሚመጣ ከሆነ ተቀጣሪ ናችሁ ማለት ነው፣ ያውም ፈቃድና ጡረታ የሌለው። ያን ጊዜ በሳምንት አንድ ጠዋት ሌላ ደንበኛ ለመፈለግ ብቻ መድቡ።

ደረጃ 8፦ ዓመቱን ደልድሉ

ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርዱና በእስክሪብቶ ሙሉት። የእኔ ሥራ እንዲህ ይሄዳል፤ የእናንተ ይለያል፣ አካሄዱ ግን አንድ ነው።

ግንቦትና ሰኔ ጎርፍ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሁሉም ቢሮ ሪፖርትና ባነር በዚያ ሰሞን ይፈልጋል። ሐምሌ የግብርና የእድሳት ነው፤ ነሐሴ ክረምቱም ሥራውም ቀዝቃዛ። መስከረም ወጪ ብቻ፦ ትምህርት ቤት፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያ ሠርግ ነው። በመካከሉ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ ካርድ የሚያዝ ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ካያችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። የሰኔን ገንዘብ ለመስከረም አስቀምጡ፣ በሰኔ አትበሉት። ከዚያ 16ቱን የፈቃድ ቀን በቀዝቃዛው ወቅት ላይ ቀድማችሁ አክብቡ። እኔ ግማሹን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን፣ ግማሹን በዐቢይ ጾም እወስዳለሁ። ጳጉሜን ለወር ደሞዝተኛ ደሞዝ የሌላት ወር ናት፤ ለእኔ ሥራ የሌለባት ሆነች፣ ተካካስን። ለደንበኞች ከሁለት ሳምንት በፊት አሳውቁ። ያልተከበበ ፈቃድ አይወሰድም፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አንድም ቀን ሳልወስድ ነው ያለፍኩት፣ በሦስተኛው በሽታ ወሰደልኝ።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

ሦስት ሳምንት ምንም ሥራ ካልመጣ። ሰዓቱን አትልቀቁ። 2፡30 ላይ ተቀመጡ፣ የቆዩ ደንበኞችን በቀን ለ5ቱ ደውሉ፣ "ሥራ አለ?" ሳይሆን "ባለፈው የሠራንላችሁ እንዴት ሆነ?" በሉ። ዋጋ አትቀንሱ፤ የወረደ ዋጋ ተመልሶ አይወጣም።

ከታመማችሁ። በመጀመሪያው ቀን ንገሩ፣ በአራተኛው አይደለም። ሥራችሁን የሚያውቅ አንድ የሙያ ጓደኛ ይኑራችሁ፤ እሱ ሲታመም እናንተ፣ እናንተ ስትታመሙ እሱ የሚጨርስ። ክፍያው ቀድሞ ይስማማበት። እኔና አንዲት ጓደኛዬ የሠራው 70 ከመቶ፣ ደንበኛው ያለው 30 ከመቶ ይወስዳል።

ብቸኝነት ከከበዳችሁ። ይህን አብዛኛው ሰው ስንፍና ይለዋል። በቀን ከአንድ አዋቂ ሰው ጋር ሳትነጋገሩ የዋላችሁበትን ቀን ምልክት አድርጉ፤ በሳምንት ከ2 በላይ ከሆነ ምሳችሁን አንድ ቀን ከቤት ውጭ ከሰው ጋር ብሉ፣ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ከሌላ ለራሱ ከሚሠራ ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሥሩ።

መዝጊያው ካልያዘ። ሦስት ቀን በተከታታይ ካለፋችሁት ሰዓቱን ሳይሆን ሥራውን ተመልከቱ። ወይ ዋጋችሁ ዝቅ ብሏል፣ ወይ የማስረከቢያ ቀን ስትሰጡ ቀኑን 8 ሰዓት ሙሉ የሚከፈልበት አድርጋችሁ ቆጥራችኋል። ከዚህ በኋላ በሐሳባችሁ "3 ቀን ይበቃኛል" ያላችሁትን ለደንበኛው 5 በሉ።

መጠባበቂያው ካለቀ። ደረጃ 3 ላይ የጻፋችሁትን ዕዳ አውጡ። ሦስት ወር በተከታታይ ደሞዛችሁን ከመጠባበቂያ ከሞላችሁ የግማሽ ቀን ሥራ ፈልጉ፤ የ6ኛው ወር እስኪያልቅ አትጠብቁ። እኔ በሁለተኛው ዓመት ለ7 ወር ጠዋት ጠዋት አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ ከሰዓት የራሴን ሠርቻለሁ። ያኔ ያፈርኩበት ነበር። ከዚያ ማተሚያ ቤት ያገኘኋቸው ሦስት ደንበኞች ግን እስከ ዛሬ አብረውኝ አሉ፣ ወረቀት በመንካት ብቻ ስንት ግራም እንደሆነ ማወቅንም የተማርኩት እዚያው ነው።